ቤት ለባልና ሚስት፦ በጎጃም ከተሞች የቱን ቤት፣ በማን ስም?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ባሕር ዳር፣ ኪራይ ያንገሸገሻቸው ወጣት ባልና ሚስት አይጠፉም። አከራዩ በየጊዜው ይጨምራል። እንግዳ ሲመጣ የሚያጉረመርም፣ ውሃ በሰዓት የሚከፍት ግቢ አለ። ታዲያ እጅ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲጠራቀም ጥያቄው ይመጣል። የተሠራ ቤት እንግዛ? በማኅበር ተደራጅተን ቦታ እንጠብቅ? ኮንዶሚኒየም ይሻለን ይሆን? ወይስ ከከተማው ዳር ርካሽ ቦታ እንያዝ?

እነዚህን አንድ በአንድ እናነጻጽራለን። ግን ከሁሉም የሚቀድም አንድ ምርጫ አለ። ካርታው በማን ስም ይወጣል? ገንዘቡስ የማን ነው? ይህን ሳትነጋገሩ ደላላ ጋ አትሂዱ እላለሁ። ቤቱን ካያችሁና ከወደዳችሁት በኋላ ስለ ስም ማንሳት ይከብዳል። አንዱ "አላመንከኝም" ይላል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ነገሩ ተድበስብሶ ያልፋል። ስለዚህ ከዚያው ልጀምር።

በአንዱ ስም ወይስ በሁለቱም?

የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የወጣ ነው። በ1992 ከወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ጋር በመሠረታዊ ነገሮች ይመሳሰላል። ለቤት ገዢ የሚጠቅመው ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ በጋብቻ ውስጥ እያላችሁ በልፋታችሁ ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ነው። በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ ይገመታል። የጋራ የሆነን ቤት መሸጥ፣ ማከራየት ወይም በመያዣ ማስያዝ ደግሞ የሁለታችሁንም ስምምነት ይጠይቃል።

"እንዲህ ከሆነ ስሙ ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። ብዙ ያደርጋል። ካርታው ላይ አንድ ስም ብቻ ካለ፣ ያ ሰው "ያላገባ" የሚል ማስረጃ በሆነ መንገድ አውጥቶ ሊሸጠው ይችላል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ገብቷል። ሌላኛው ወገን መብት አለው፤ ግን መብቱን ለማስከበር ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት መመላለስ የእሱ ወይም የእሷ ዕዳ ይሆናል። ጊዜውም ያልቃል። በፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለውን ውል ለማስፈረስ ክሱ መቅረብ ያለበት ሽያጩን ካወቁ በ6 ወር ውስጥ ነው። ባያውቁም እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ አይቻልም። ውጭ አገር ወይም ሌላ ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው።

ሁለታችሁም ካርታው ላይ ካላችሁ ግን ነገሩ ከምንጩ ይዘጋል። አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ባንክም ሁለታችሁን ያስፈርማል። የዚህ አማራጭ ችግር አንድ ነው፤ አንዳችሁ ሩቅ ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ውክልና ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ውክልናውን ለተወሰነ ጉዳይ ብቻ መስጠት ይቻላል። "መሸጥ መለወጥ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ግን ለወንድምም፣ ለእህትም፣ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን ሳታስቡበት አትስጡ።

በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ከሁለታችሁ ከሆነ ስሙም የሁለታችሁ ይሁን። ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገጠር ያሉ ወላጆቻችሁን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከፍታችሁ እዩ። የአባትም የእናትም ስምና ፎቶ አለበት። ገበሬው እናትና አባት በእኩል የተጻፉበትን፣ የተማሩ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ወደ አንድ ስም የሚመልሱበት ምክንያት አይታየኝም።

በጣም አደገኛው አማራጭ ሦስተኛ ሰው ስም ላይ ማኖር ነው። ባል አረብ አገር ነው፣ ሚስት አዲስ አበባ ናት፣ ቤቱ "ለጊዜው" በወንድም ስም ይገዛል። ወንድም ያገባል፣ ልጆች ይወልዳል። ያኔ ቤቱ የወንድም ቤተሰብ ንብረት መስሎ ይታያል። ወንድም መልካም ሰው ሆኖም እንኳ ቢሞት ወራሾቹ የሚያውቁት ካርታውን ነው። ገንዘቡን በባንክ የላካችሁበት ደረሰኝ ቢኖር እንኳ ክርክሩ ረጅም ነው።

አንዱ ከትዳር በፊት ንብረት ካለው

ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል። በጋብቻ ውስጥም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የመጣለት የግሉ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲቀላቀል ነው። እሱ ከማግባቱ በፊት ደብረ ማርቆስ ቦታ ነበረው እንበል። ካገቡ በኋላ በእሷ የመምህርነት ደመወዝና በእሱ ንግድ ቤቱ ተሠራ። ቦታው የእሱ፣ የቤቱ ወጪ የሁለቱም። ቢጣሉ ይህን መለየት ከባድ ነው። ብሎኬቱ በማን ገንዘብ ተገዛ? ግንበኛውን ማን ከፈለው? ደረሰኝ የያዘ የለም።

መፍትሔው የጋብቻ ውል ነው። በጽሑፍ ይሆናል፤ አራት ምስክር ይፈልጋል፣ ሁለት ከእሱ ወገን ሁለት ከእሷ ወገን። ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ዕለት ይህን መጨመር የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ መሠራቱ ግን ወሳኝ ነው። ከተጋቡ በኋላ ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ቤት ውስጥ ተጽፎ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ብዙዎችን ያታልላል፣ ጥቅም ግን የለውም።

ወላጆች ሲረዱም እንዲሁ ነው። አባት ባሕር ዛፉን ሸጠው፣ በሬውን ሸጠው "ጎጆ መውጫ ይሁናችሁ" ብለው ገንዘብ ይሰጣሉ። ይህ ለልጃቸው ብቻ ነው ወይስ ለሁለታችሁ? ያን ዕለት ማንም አይጠይቅም። አንድ ገጽ ወረቀት፣ "ለሁለቱም ሰጥቻለሁ" ወይም "ለልጄ ሰጥቻለሁ" የሚል፣ ከፊርማና ከምስክር ጋር ይበቃል። አባት ለሁለቱም ማለታቸው ከሆነ በጽሑፍ መናገራቸው ለሙሽራዋም ክብር ነው።

ገና ካልተጋባችሁ

እጮኛሞች ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ ከገዛችሁ የቤተሰብ ሕጉ ገና አይደርስላችሁም። ያኔ እንደ ሁለት የጋራ ባለቤቶች ትቆጠራላችሁ። ድርሻ ካልተጻፈ ሕጉ እኩል ነው ብሎ ይገምታል። 70 ከመቶውን አንዳችሁ ካወጣችሁ በሽያጭ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሠርጉ ቅርብ ከሆነ ግን የእኔ ምክር ማግባቱ ይቅደም ነው።

ጋብቻውም በሰማንያ ይሁን በቁርባን ወይም በመዘጋጃ፣ ሕጉ ሁሉንም ይቀበላል። ቤት ለመግዛት ግን ማስረጃ ይጠየቃል። ስለዚህ ቀበሌ ሄዳችሁ በወሳኝ ኩነት ተመዝግባችሁ የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን ያዙ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለሚኖሩ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ንብረቱ የጋራ የሚሆነው ቢያንስ 3 ዓመት አብረው ከኖሩ ነው። ከዚያ በፊት ቤት በአንዱ ስም መግዛት ለሌላው መጥፎ ምርጫ ነው።

አንዱ ቢሞትስ?

ይህን የሚጠይቅ ሙሽራ የለም፣ ግን ሊጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰው "እኔ ብሞት ቤቱ ለሚስቴ ነው" ብሎ ያስባል። ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። ግማሹ ቀድሞውንም የእሷ ነው፣ የጋራ ንብረት ስለሆነ። የሟች ግማሽ ግን ወደ ልጆች ይሄዳል። ልጅ ካልወለዳችሁ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ስለዚህ ልጅ ያልወለደች ሚስት ባሏ በሞተ ማግሥት ከአማቾቿ ጋር ግማሽ ግማሽ ቤት ልትካፈል ትችላለች። ለባልም እንዲያው ነው።

ኑዛዜ ይህን ያስተካክላል። ሁለት ቀላል መንገድ አለ። አንዱ ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ሌላው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረመው ነው። ካርታው በወጣበት ወር ሁለታችሁም ብትጽፉት ጥሩ ነው።

የተሠራ ቤት መግዛት

እጃቸው ላይ በቂ ገንዘብ ላላቸው፣ ወይም ባንክ ለሚያበድራቸው ጥንዶች ከሁሉ የምመርጠው ይህ ነው። ምክንያቱም የምትገዙትን ታያላችሁ። ዛሬ ገዝታችሁ በሚቀጥለው ወር ትገባላችሁ፤ ኪራይም ወዲያው ይቆማል። ጉዳቱ ዋጋው ነው።

መጀመሪያ ካርታውን እዩ። ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ስለዚህ ሻጩ ሲከፍል የኖረውን ዓመታዊ ግብር ብቻ እያያችሁ አትወስኑ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ዕዳው አብሯችሁ ይመጣል። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፣ ከዚህ ውስጥ ስንቱ እንዳለፈም ካርታው ላይ ይታያል። ከዚያ መዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን አጣሩ። የሻጩንም የጋብቻ ሁኔታ ጠይቁ። ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱ ካልፈረመች አትግዙ። እናንተ ለራሳችሁ የምትፈልጉትን ጥበቃ ለሻጩ ሚስት መንፈግ ትክክል አይደለም፤ ለእናንተም ቢሆን ነገ ክስ ይዞ ይመጣል።

ቤቱን ራሱን ደግሞ በክረምት እዩት። ሐምሌና ነሐሴ የጎጃም ዝናብ ምንም አይደብቅም። በጋ ላይ ቀለም ተቀብቶ የሚያምር ሳሎን፣ ክረምት ላይ ግድግዳው ከታች እስከ ጉልበት ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ጥቁር አፈር ያለባቸው ሰፈሮች አሉ። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን አብሮ ያንቀሳቅሳል። በመስኮትና በበር ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ፣ በሩም ካልዘጋ፣ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ይዛችሁ ተመለሱ። ለሐይቁ ቀረብ ባሉ ሰፈሮች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሚሆን የሽንት ቤት ጉድጓድ ክረምት ላይ ይሞላ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ጎረቤት ከደላላ የበለጠ እውነት ይናገራል።

ጭቃ ቤት ወይስ ብሎኬት? ገንዘብ ካጠረ ደህና ተደርጎ የተሠራ የእንጨትና የጭቃ ቤት መናቅ የለበትም። በተለይ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብርዱን ይከላከላል። የምታዩት ሁለት ነገር ነው፦ እንጨቱ ከምስጥ ነጻ መሆኑና ግድግዳው በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ማለቱ። ዋናው ዋጋ ያለው ቦታው ነው። ቀስ ብሎ ማሻሻል ይቻላል።

ባሕር ዳር ውስጥ ዓባይ ማዶን የሚያስቡ ጥንዶች፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መመላለሱን አቅልሎታል። እሱን ታሳቢ አድርጋችሁ ከሥራ ቦታችሁ ያለውን ርቀት በታክሲ ሂሳብ አስሉት።

በማኅበር ተደራጅቶ መሥራት

ደመወዝተኞች ለሆኑ ጥንዶች በክልሉ ከተሞች የታወቀው መንገድ ይህ ነው። ትደራጃላችሁ፣ በዝግ ሒሳብ ትቆጥባላችሁ፣ ተራ ሲደርስ ቦታ ትረከባላችሁ፣ ትሠራላችሁ። ከተሠራ ቤት ጋር ሲነጻጸር ወጪው በጣም ያነሰ ነው፤ ቦታውን ከግለሰብ በገበያ ዋጋ አትገዙምና። ዋጋው ግን ትዕግሥት ነው። ቦታው የሚሰጥበትን ቀን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግራችሁም። እስከዚያ ኪራይም ቁጠባም አብረው ይሄዳሉ፣ ሲሚንቶና ብረትም ይወደዳሉ።

ለጥንዶች ልዩ የሆነው ጉዳይ ባልና ሚስት እንደ አንድ ቤተሰብ መታየታቸው ነው። አንዳችሁ በከተማው ቤት ወይም ቦታ ካላችሁ ሌላኛው "ቤት የለኝም" ብሎ መደራጀት አይችልም። ሁለታችሁም በየመሥሪያ ቤታችሁ ተደራጅታችሁ ሁለት ቦታ ለመውሰድ የሚመክር ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ሲታወቅ ሁለቱም ሊወሰድ ይችላል፣ የዓመታት ልፋታችሁም ከንቱ ይቀራል።

ሌላው ስም ነው። የማኅበር አባልነት የሚመዘገበው በአንድ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሠርጉ በፊት። ከተጋባችሁ በኋላ ቁጠባው ከጋራ ደመወዝ ይቀጥላል። ስለዚህ ከሠርጉ ቀን በፊት ስንት እንደተቆጠበ የባንክ መግለጫ አውጡና አስቀምጡ። ቦታው ሲሰጥ ደግሞ ካርታው የሁለታችሁን ስም እንዲይዝ ወዲያው አመልክቱ። በኋላ እናስተካክለዋለን የተባለ ነገር ሳይስተካከል ይኖራል።

ግንባታውን ከጥቅምት በኋላ ጀምሩት፤ መሠረት በደረቅ አፈር ይወጣል። ሰርቪሱን ቀድሞ ሠርቶ መግባት፣ ዋናውን ቤት እየኖሩ መጨረስ ብዙ ጥንዶችን ከኪራይ ያወጣ ዘዴ ነው። ቦታውን ሳትሠሩበት ለመሸጥ ካሰባችሁ ግን የሊዝ ሕጉ ገደብ አለው፤ እንደ ልብ አይሸጥም።

ኮንዶሚኒየም

ባሕር ዳርን በመሳሰሉ ከተሞች በመንግሥት መርሐ ግብር የተሠሩ ኮንዶሚኒየሞች አሉ፤ ዛሬ የሚገኙት በአብዛኛው ከግለሰብ ነው። ጠዋት ወጥተው ማታ ለሚገቡ፣ ልጅ ላልወለዱ ወይም አንድ ልጅ ላላቸው ይመቻል። ሆኖም ጎጃም ውስጥ ቤት ማለት እንግዳ መቀበል፣ እህል ማስገባት፣ ከገጠር የመጣች እናትን ማሳደርም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ ማስጣት አይቻልም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ የባንክ ዕዳውን መጨረሱን፣ ውሃ ፎቁ ላይ መድረሱን እዩ።

ከከተማ ዳር "የገበሬ ቦታ"

ዋጋው ያጓጓል። ከከተማው ወጣ ብሎ ገበሬው ከማሳው ቆርሶ ይሸጣል፣ ደላላው "በቅርቡ ከተማ ይገባል፣ ካርታ ይወጣለታል" ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የምትፈርሙት ውል ሕጋዊ ዋጋ የለውም፣ ምስክሩ ስንትም ቢሆን። ቤቱ የጨረቃ ቤት ይባላል፣ ሊፈርስ ይችላል፤ ሲፈርስ ካሳ የለም። ገበሬው ያንኑ ቦታ ለሌላ ሰው ቢሸጠውም ከሳችሁ የምታሸንፉበት መሠረት የላችሁም። ለባልና ሚስት ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ ካርታ ስለሌለ በጋራ ስም ማስመዝገብም፣ ለብድር መያዣ ማድረግም፣ ለልጅ በወጉ ማውረስም አይቻልም። ገንዘባችሁ ለዚህ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በዝግ ሒሳብ ቆጥቡና ማኅበር ጠብቁ።

ገንዘቡን ከየት?

ከዕቁብ፣ ከቁጠባ፣ ከዘመድ ብድር፣ ከባንክ። የባንክ ብድር ከወሰዳችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፣ ሁለታችሁም ተጠያቂ ናችሁ። ወርኃዊ ክፍያውን በሁለት ደመወዝ ሳይሆን በአንድ ደመወዝ አስሉት። ልጅ ሲወለድ ወይም አንዳችሁ ሥራ ስታቆሙ ክፍያው አይቆምም። የዘመድ ብድርም ቢሆን ይጻፍ፣ የሁለታችሁ ፊርማ ይኑርበት። "እኔ አላውቅም" የሚባል ዕዳ ትዳር ያፈርሳል።

የመግዣው ቀን

ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ስጡ፣ ቀብድ መሆኑም ይጻፍ። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ካፈገፈገ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈገፈገ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚጠብቃችሁ ወረቀቱ ካለ ብቻ ነው።

የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መፈረም አለበት፤ ሰፈር ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ብቻውን ቤት አያስተላልፍም። ሁለታችሁም ገዢ ተብላችሁ በስም ተጻፉ፣ ሁለታችሁም ተገኙ። "ገዢ አቶ እገሌ" ከተባለ በኋላ ካርታው ላይ ሚስትን ለማስገባት እንደገና ደጅ መጥናት ይመጣል።

የውሉን ዋጋ አሳንሳችሁ አትጻፉ። የቴምብር ቀረጥና ሌሎች የስም ማዛወሪያ ክፍያዎችን ለማሳነስ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሉ ቢፈርስ የምታስመልሱት የተጻፈውን ነው። ግብሩን ማን እንደሚከፍልም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሻጩም በትርፉ ላይ የሚከፍለው ግብር አለበት።

ክፍያው በባንክ ይሁን፣ በሁለታችሁ ሒሳብ በኩል ቢያልፍ ይበልጥ ጥሩ። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መሥሪያ ቤቶች ለሳምንታት ሲዘጉ፣ ጉዳይ ሲጓተት ታይቷል። ስለዚህ ገንዘቡን ከፋፍሉት፦ የተወሰነው ውሉ ሲፈረም፣ የመጨረሻው ስሙ ሲዛወር። ደህና ሻጭ በዚህ አይከፋም። የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት አዲሱን ካርታ ተቀብላችሁ የሁለታችሁን ስም ፊደል በፊደል ከመታወቂያችሁ ጋር አመሳክሩ፤ የአያት ስም ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል ባንክ ስትሄዱ ታስቸግራለች፣ እዚያው ቆማችሁ ግን ቶሎ ትታረማለች።